የድሮ ሠዓሊዎቻችን መሳል አያውቁም ነበር እንዴ?

የዛሬው ረዘም ያለ ነው። የሮቢት ሙቀት በረድ ሲል፣ ማታ ቡና እየተጠጣ ቢነበብ ይሻላል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች የክወናና የእይታ ጥበባት መጽሐፋቸውን ይዘው አልፎ አልፎ ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የሥዕል መምህር አይደለሁም። ቢሆንም ለፈተና የሚሸመድዱትን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። መስመር ማለት እንዲህ ነው፣ ቅርጽ ማለት እንዲህ ነው፣ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላ፣ ቦታ፣ ሚዛን... በቃ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነው የሚወርዱት። ከመካከላቸው አንዷ ታዲያ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰላችሁ? «ቲቸር፣ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፐርስፔክቲቭ የላቸውም። ጥላም የላቸውም። ድሮ ሰው መሳል አይችልም ነበር ማለት ነው?»

ይህን ጥያቄ ልጅቷ አፍ አውጥታ ጠየቀችው እንጂ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም በልባቸው ይዘውት ነው የሚኖሩት። «የኛ ሥዕል ዓይን ብቻ ነው»፣ «ሰውየው ከቤቱ ይበልጣል» እያልን እንስቃለን። ሥዕል ጥሩ የሚባለው ፎቶ ሲመስል ብቻ ነው ብለን ስለምናስብ የኛውን እንደ ሕፃን ሥራ እናየዋለን። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ከምነግራት እዚህ ልጻፈው አልኩ። መጽሐፋቸው ውስጥ ያሉትን ዋና ዋና ነጥቦች አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ በታሪካችን ውስጥ የት እንዳሉ አሳያለሁ። (እ.ኤ.አ. ያልኩት የፈረንጆቹ፣ ዓ.ም. ያልኩት የኛ አቆጣጠር ነው።)

1. መስመር

መጽሐፉ ከመስመር ነው የሚጀምረው፤ ትክክል ነው። የኛም ሥዕል የሚጀምረው ከመስመር ነው። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በካርበን ምርመራ ሲታዩ ብራናቸው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከተረፉት፣ ሥዕል ካላቸው የክርስቲያን መጻሕፍት በጥንታዊነታቸው ከፊተኞቹ ተርታ ናቸው። በውስጣቸው የወንጌላውያን ምስል፣ በአዕማድና በቅስት የተዋበ ሠንጠረዥ፣ ወፎችም አሉ። ሁሉም በመስመር ተከብበው የቆሙ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናትም የኛ ሠዓሊ አሠራሩ በመሠረቱ ይኸው ነው። መጀመሪያ በቀጭኑ ይነድፋል፣ ቀጥሎ በቀለም ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ድንበሩን በጠቆረ መስመር ያጠነክራል። ዓይንን፣ ቅንድብን፣ የልብስ እጥፋትን የሚናገረው መስመሩ ነው።

መጽሐፉ «አግድም መስመር እርጋታን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ጥንካሬን፣ ሰያፍ መስመር እንቅስቃሴን ያሳያል» ይላል። ልጆች፣ ይህን ለመሸምደድ አትድከሙ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አስታውሱ። ጦሩ እንዴት ነው የተሳለው? ከላይ ወደ ታች በሰያፍ፣ ከሰማዕቱ እጅ እስከ ዘንዶው አፍ። ያን ጦር አግድም አድርጋችሁ ሳሉት፤ ሥዕሉ ወዲያው ይሞታል። ከፈረሱ ጎን ተሰልፈው የሚቆሙት ቅዱሳን ደግሞ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አይወላወሉም። ሠዓሊው ሕጉን ከመጽሐፍ አላነበበውም ይሆናል፤ እጁ ግን አሳምሮ ያውቀዋል።

2. ቅርጽና ምት

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጓዳችሁ ግቡ። መሶብ፣ ሰፌድ፣ ሙዳይ አለ አይደል? እናቶቻችን ስንደዶውን እንደ ገመድ እያዞሩ፣ ቀለም በተነከረ አክርማ እየጠቀለሉ ነው የሚሠሩት። ከመሀል አንዲት ነጥብ ይነሳል፣ ክብ ይሆናል፣ ክቡ ላይ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፣ ከሦስት ማዕዘኑ ኮከብ ይፈጠራል። ኮከቡ እኩል እንዲወጣ በየዙሩ ስንት ጥልፍ እንደሚጨመር መቁጠር ግድ ነው። አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች አንዱ ጫፍ ይንጋደዳል። መጽሐፉ «ድግግሞሽ»፣ «ምት»፣ «ሚዛን» የሚላቸው ሦስቱም ያቺ ሰፌድ ላይ አሉ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ጂኦሜትሪ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። ይህን ለማንኳሰስ አይደለም የምለው፤ ልጁ ትምህርቱን ከቤቱ እንዲጀምር ነው።

ሌላም አለ። እኛ የምንኖርበት ይፋት የታሪክ መዝገብ ላይ ትልቅ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የይፋትን ሱልጣኔት አጠናከረ። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ በዚሁ በኩል ያልፍ ነበር። በይፋት ተዳፋቶች ላይ የዚያ ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም አለ፦ በጥሩ ሁኔታ የተካበ የድንጋይ ግንብ፣ የመስጊድ ቅጥር፣ ወደ ቂብላ የዞረ ሚህራብ፣ ዐረብኛ የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ። አስበሪና ኖራ የተባሉት ቦታዎች ላይ ተመራማሪዎች ጥናት አድርገዋል።

በመስጊድ ውስጥ የሰውና የእንስሳ ምስል አይሳልም። ስለዚህ ጥበቡ በሙሉ ወደ ቅርጽ፣ ወደ ምጣኔና ወደ ጽሕፈት ሄደ። ፊደሉ ራሱ ሥዕል ሆነ። እንግዲህ እዚህ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ አማራም ሆነ አርጎባ፣ ኦሮሞም ሆነ አፋር፣ «የኔ አያቶች የሥዕል ጥበብ የላቸውም» የሚልበት ምክንያት የለውም። አንዱ በመልክ ተናገረ፣ ሌላው በቅርጽ ተናገረ።

3. ቀለም

ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መሠረታዊ ቀለማት ናቸው። ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ፣ ቀይና ሰማያዊ ሐምራዊ ይወጣል። በክቡ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩት፣ ለምሳሌ ቀይና አረንጓዴ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። ቀለማትን በክብ አስቀምጠው በመጽሐፍ ካሳተሙት አንዱ እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1704 ነበር።

በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ የነገሠው ማን ነበር? ታላቁ ኢያሱ (እ.ኤ.አ. 1682–1706)። የጎንደር ሠዓሊዎች የኒውተንን መጽሐፍ አላዩም፤ ቀዩን ካባ ከአረንጓዴው አጠገብ ማስቀመጥ ግን ያውቁ ነበር። የጎንደርን ዘመን ሥዕል ሁለት ቦታ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ደማቅ፣ ጠፍጣፋ ቀለምና ግልጽ መስመር ያለው ነው። ሁለተኛው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ሲሆን፣ ፊት ላይ ጥላ እየጨመረ፣ ከበስተጀርባው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚሸጋገር ቀለም ይጠቀማል።

«ቲቸር፣ ቀለም የት አለንና?» ለምትሉኝ ልጆች፦ ከሰል ጥቁር ይሰጣል። እርድ ቢጫ ይሰጣል። ቀይ አፈር ተነፍቶ በውሃ ሲበጠበጥ ቡናማ ቀይ ይሰጣል። ቀይ ሥር ሐምራዊ ቀይ ይሰጣል፤ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ትንሽ የእንቁላል አስኳል ከጨመራችሁበት ወረቀቱ ላይ ይይዛል። በእንቁላል አስኳል ቀለም ማጣበቅ ጥንታዊ ዘዴ ነው፤ በአውሮፓም የዘይት ቀለም እስኪስፋፋ ድረስ ታላላቆቹ ሠዓሊዎች ይሠሩበት ነበር።

4. ብርሃንና ጥላ

አንድ ክብ ወረቀት ላይ ሳሉ፤ ሳንቲም ነው የሚመስለው። በአንድ በኩል ቀስ እያላችሁ አጥቁሩት፤ ብርቱካን ሆነ። ጠፍጣፋው ክብ ጥልቀት አገኘ። የብርሃንና የጥላ ሥራ ይኸው ነው። አንድ ማንጎ መስኮት ዳር አስቀምጡና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበት፣ ቀስ እያለ የሚጨልምበት፣ ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላ። የሮቢት ማንጎ ለመብላት ብቻ አይደለም።

የጥንት ሥዕሎቻችን ላይ ግን ይህ ጥላ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ለምን? የልጅቷ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ጥላ እንዲኖር ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ መምጣት አለበት፤ ከአንድ አቅጣጫ ከመጣ ደግሞ ሰዓት አለ ማለት ነው፤ ጧት ነው፣ ማታ ነው። ቅዱሳኑ የተሳሉት ሰዓትና ጀምበር በሌለበት ዓለም እንዳሉ ሆነው ነው። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ጥላውን ያላደረጉት ሥዕሉ ከሚናገረው ነገር ጋር ስለማይሄድ ነው።

5. ቦታና ፐርስፔክቲቭ

ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ነው። ፐርስፔክቲቭ ማለት ጥልቀት ያለውን ዓለም ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ከአንድ ሰው ዓይን አንጻር ማስቀመጥ ነው። የቅርቡ ይተልቃል፣ የሩቁ ያንሳል፣ ትይዩ መስመሮች ሩቅ ሄደው አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ ይመስላሉ። ከሮቢት ወደ ሰንበቴ የሚሄደውን አስፋልት መሀል ለመሀል ብትመለከቱ (መኪና አይታችሁ!) ታዩታላችሁ።

ሌላም ዓይነት አለ፤ የአየር ፐርስፔክቲቭ ይባላል። ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ወደ ቆላው ስትመለከቱ የቅርቡ ገደል አረንጓዴና ጥቁር ነው፣ ቀጥሎ ያለው ሰንሰለት ይደበዝዛል፣ የመጨረሻው ሰማያዊ ሆኖ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። ተራራው ሰማያዊ ስለሆነ አይደለም፤ በመሀል ያለው አየር ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የጻፈለት ነገር እኛ ከአዲስ አበባ በመጣን ቁጥር ከአውቶቡስ መስኮት የምናየው ነው።

አሁን ዘመኑን እናስተያይ። ጣሊያናዊው አልበርቲ የፐርስፔክቲቭን ሕግ በመጽሐፍ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1435 ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሠው በ1434 ነው። አንድ ትውልድ ናቸው። ዘርዓ ያዕቆብ ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ደብረ ብርሃንን ቆርቁሮ የመጨረሻዎቹን የንግሥና ዓመታት እዚያ አሳለፈ። የእመቤታችንን ክብር በአገሩ ሁሉ አስፋፋ፤ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ። በዚያ ዘመን ነበር ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በእንጨት ገበታ ላይ እመቤታችንን ከልጇ ጋር የሳለው። በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ያለው ትልቁ ገበታ ስሙ ተጽፎበታል። በዚያ ዘመን ሠዓሊ ስሙን መጻፉ ብርቅ ነው።

ሥዕል ያኔ ጨዋታ አልነበረም። ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ብዙ መከራ ደርሶባቸዋል። የሚገርመው፣ የነሱ ወገን የሆነው በትግራይ ያለው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም በኋላ የራሱ የሆነ፣ መስመሩ የጠራና ቅርጹ እንደ ጥልፍ የተመዘነ የብራና ሥዕል አፍርቷል። ሁለት ተቃራኒ ወገን፣ ሁለት ዓይነት አሳሳል። ባለማወቅ የተሠራ ሥዕል እንዲህ ሁለት መልክ ይዞ አይዳብርም።

እንግዲህ «ፐርስፔክቲቭን ስላላዩት ነው» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ካዩት በኋላስ ምን አደረጉ? ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሰው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ መጥቶ ለብዙ ዓመታት በቤተ መንግሥት ሲስል ኖሯል፤ እዚህ መርቆሬዎስ ይባል ነበር። ሮም ውስጥ በ1590ዎቹ መጀመሪያ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ደግሞ የጣሊያናዊው የቴምፔስታ ሥዕሎች ነበሩበት፤ ሕንፃው፣ ጥልቀቱ፣ ጥላው ሁሉ በፐርስፔክቲቭ ሕግ የተሠራ ነው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ከእነዚያ ሥዕሎች ቀድተዋል። ግን ምን ቀዱ? የሰዎቹን አቀማመጥና ታሪኩን ወሰዱ፤ ከበስተጀርባ ያለውን ጥልቀት አብዛኛውን ተዉት። በፊታቸው ነበር፤ አይተውት ለሥራቸው የሚሆነውን መርጠው ወሰዱ። ለልጅቷ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። መምረጥና አለመቻል ይለያያሉ።

የነሱ ሥዕል የራሱ ሕግ ነበረው። ትልቅ የሚሳለው የቀረበው ሳይሆን የከበረው ነው። ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። የአድዋን ጦርነት ሥዕሎች አስተውሉ፤ ብዙዎቹ ላይ በአንድ በኩል ያሉት ኢትዮጵያውያን ፊታቸው ወደ እኛ ነው፣ በሌላው በኩል ያሉት ጣሊያኖች በጎን ነው የተሳሉት፤ ከላይ በመሀል ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ያን ሥዕል አይቶ ማን የማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። መጽሐፉ «ትኩረት» እና «ተቃርኖ» የሚለው ይህንን ነው።

6. አዲሱ ዘመን

«ታዲያ ፐርስፔክቲቭ አንማር?» እንዳትሉኝ። ተማሩ! አንድ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛ ሲጨምር የመጀመሪያው አይጠፋበትም። ይህን በሥራቸው ያሳዩ ሰዎች አሉን።

አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተገኘ ነው። አሜሪካ፣ ቺካጎ ተምሮ ተመለሰና በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስሙ ይጠራል።

አፈወርቅ ተክሌ የተወለደው እዚሁ ከበላያችን፣ አንኮበር ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932። የይፋትን ቆላ ቁልቁል የምታየዋ አንኮበር። እንግሊዝ አገር የተላከው ማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሥዕል ዞረ። በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት የእሱ ሥራ ነው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። እዚያ ቀለሙን የሚያበራው ፀሐይ ራሷ ናት፤ ብርሃኑ ሲቀያየር ሥዕሉም ይቀያየራል። የከበረው ሰው የሚተልቅበትን፣ ፊት ለፊት የሚያይበትን የድሮ ሕግም እዚያው ታገኙታላችሁ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ የሐረር ልጅ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጣና ረቂቅ ሥዕልን አስተዋወቀ። «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕሉ ስቅለትን በቀይ ቀለም ኃይል ነው የሚናገረው። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ፓሪስ ሄዶ የዓለምን አዲስ አሳሳል ካየ በኋላ ወደ ብራናውና ወደ ጠልሰሙ ተመልሶ አዲስ ነገር ፈጠረ። ሁሉም የፈረንጁን ተማሩ፤ የራሳቸውንም አልጣሉም።

ለምን ጻፍኩት?

ሁለት ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። አንደኛው፣ የጥበብ ክፍለ ጊዜ በብዙ ቦታ ትርፍ ጊዜ ተደርጎ ይታያል፤ ፈተና ሲደርስ ለሒሳብ ይሰጣል። በዚህ የተነሳ ልጁ ዓይኑን ሳያሠለጥን 9ኛ ክፍል ይደርሳል። እኔ ጋ ሲመጣ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ሥዕል ያልፈዋል፤ ማንበብ አልተማረማ። ሥዕል የማያነብ ልጅ ደግሞ ስልኩ ላይ የሚመጣለትን ምስል ሁሉ እንደወረደ ይቀበላል።

ሁለተኛው፣ «የድሮ ሰዎች መሳል አይችሉም ነበር» ብሎ ያደገ ልጅ ነገ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል ይሆናል፣ የቀበሌ ኃላፊ ይሆናል። አሮጌው ሥዕል ተፍቆ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ይተካ ሲባል፣ ወይም የታተመ ፖስተር ይለጠፍበት ሲባል፣ የድንጋዩ ፍርስራሽ ለአጥር ይሁን ሲባል እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። የማናውቀውን ነገር ማን ነው የሚጠብቅልን?

ስለዚህ ከወላጆችና ከመምህራን የምፈልገው ትንሽ ነው። ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ እርሳስ፣ ያገለገለ ደብተር ጀርባ፣ ትንሽ ከሰልና እርድ። በሳምንት አንድ ቀን ልጁ አንድ ነገር ለ20 ደቂቃ ዝም ብሎ አይቶ ይሳል፤ ጀበና፣ ሰፌድ፣ ማንጎ፣ የአያቱ እጅ። «ምን ይመስላል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ምን አየህ?» በሉት። በወር አንድ ቀን ደግሞ ወደ አንድ አሮጌ ነገር ውሰዱት፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ አሮጌ ግንብ፣ የሴት አያቱ ሙዳይ። መስመሩን፣ ቅርጹን፣ ቀለሙን እየጠቆመ ይንገራችሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁን አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ መምህራን ናችሁ፤ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ልጆች ጋር የምትውሉ ብትሞክሩትና ያያችሁትን እዚህ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። በየቤታችሁ ያለውን ሰፌድና መሶብ ፎቶ አንስታችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ለጥፉ፤ የሠራችውን እናት ስም ከፈቀደች ጨምሩበት። ፍሬ ጽዮን ስሙን ስለጻፈ ነው ከ500 ዓመት በላይ ቆይተን የምናውቀው።

ቸር እንሰንብት።